ሴኪሮ ወይስ ኤልደን ሪንግ፦ ከሁለቱ የቪዲዮ ጌሞች ይበልጥ ችሎታ የሚጠይቀው የቱ ነው?

መካች፦ እንደ ሴኪሮ (2019) ያለ ውጊያ የለም ባይ ነኝ። ስታሚና (ስትመታና ስትሸሽ የሚያልቅ ጉልበት) የሚባል ነገር የለም። ሰይፉ ሊያርፍብህ ሲል ኤል 1ን (የመመከቻውን በተን) ነካ ታደርጋለህ፣ የጠላት ፖስቸር (ሲሞላ ሚዛኑን የሚያስተው መለኪያ) ይሞላል፣ ከዚያ ትገድለዋለህ። ኤልደን ሪንግ (2022) ላይ ቦሱ (ዋናው ጠላት) እስኪጨርስ እየተንከባለልክ ተራ መጠበቅ ነው።

ክብደት69፦ ተራ መጠበቅ የሚሆነው ወደ ኋላ ስትሸሽ ነው ወንድሜ። በሮል (በመንከባለል) ውስጥ የማትመታበት ጊዜ 13 ፍሬም (የስክሪን ምስል) ነው፤ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲሰላ 0.43 ሰከንድ ገደማ። ወደ ቦሱ፣ ክንዱ ስር ግባ፤ ዱላው ሲያልፍ ጀርባው ላይ ነህ። የለበስከውና የያዝከው ጭነት ግን ከአቅምህ 70 በመቶ እንዳይሞላ፣ ሮሉ ይከብዳል።

መካች፦ የኤልደን ሪንጉ ቦስ ማርጊትስ? ዱላውን አየር ላይ አንጠልጥሎ ያስጠብቅሃል። ይሄ ተንኮል ነው።

ክብደት69፦ ዱላውን ሳይሆን ክንዱን እይ፣ መውረድ ሲጀምር ተንከባለል። ብዙ ሰው ግን የሚሞተው በሌላ ምክንያት ነው፦ ያው የሮል በተን ሲያዝ ስለሚያስሮጥ፣ ሮሉ የሚወጣው ስትጫነው ሳይሆን ስትለቀው ነው። ጣቱን በተኑ ላይ ያቆየ ሰው ነው «ነካሁት እኮ!» የሚለው። ተደናግጠህ ሁለቴ ከነካህ ደግሞ ጌሙ ሁለተኛውን ይዞ ቆይቶ ያወጣብሃል።

ሰማያዊ ብርሃን፦ ኒዮ 2ን (2020) ረሳችሁት? ከመታህ በኋላ ሰማያዊ ብርሃን ሰውነትህ ላይ ሲሰበሰብ አር 1ን ንካ፣ ያጠፋኸው ኪ (የዚያ ጌም ስታሚና) ይመለሳል። ኪህ አልቆ ስትከላከል ከተመታህ ቆመህ ታለከልካለህ፣ አለቀልህ። (ቦርሳ ሙሉ ሰይፍ መደርደሩ ግን ያሰለቻል፣ አልክድም።)

መካች፦ ጥሩ ነው፣ ግን ያ የራስህን ትንፋሽ መጠበቅ ነው። ሴኪሮ ላይ የጠላትን ነው የምትሰብረው። ጀማሪ የሚሳሳተው ኤል 1ን ሲደበድብ ነው፤ በተከታታይ ከነካኸው የመመከቻው ጊዜ ይጠባል። ሌላው ስህተት ደግሞ መሸሽ ነው፦ ጤናው ሙሉ የሆነ ጠላት ፖስቸሩ ቶሎ ይመለሳል። መጀመሪያ ጤናውን ቀንስ፣ ከዚያ አትፋታው።

ክብደት69፦ ሴኪሮ ላይ አንድ ሰይፍ፣ አንድ መልስ። እኔ ጋ አስማት አለ፣ ታላቅ ሰይፍ አለ፣ በጋሻ መክቶ በአር 2 (በከባዱ ምት) መምታት አለ። በ2024ቱ ተጨማሪ ክፍል ደግሞ ዲፍሌክቲንግ ሃርድቲር የሚባል የመጠጥ ቅመም መጣ፤ ጠጥተኸው በሰዓቱ ብትከላከል እንደ ሴኪሮ ይመክታል።

መካች፦ ተበደራችሁ ማለት ነዋ!

ሰማያዊ ብርሃን፦ ለ5 ደቂቃ ብቻ።