ከልጆች ጋር ሸለቆ ወርዶ ለመመለስ፦ የት? በምን? ምን ይዞ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሱሉልታ ነው። የ8 እና የ12 ዓመት ልጆች፣ አንድ ዓመት ተኩል የሆናት ሕፃን፣ እኔና ባለቤቴ ነን። ኅዳር ላይ አንዱን ቅዳሜ ሸለቆ ወርደን በዚያው ቀን መመለስ አስበናል። ዱርባ ይሻላል ፖርቱጋል ድልድይ? ስለ ጫማ፣ ስለ ውሃ መያዣና ስለ መኪናም ብትጠቁሙን።

መልስ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ፖርቱጋል ድልድይ ሂዱ። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በጎጃም መንገድ ሄዳችሁ ፍቼ ሳትደርሱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም በሚያስገባው በኩል። ድልድዩ (ፖርቱጋል ይባል እንጂ ያሠሩት ራስ ዳርጌ እንደሆኑ ይነገራል) ከመኪና መንገዱ ሩቅ አይደለም። ጭላዳዎቹም እዚያው አናቱ ላይ ሣር ሲነጩ ይታያሉ። ሕፃኗ ብታስቸግር ወይም አንዱ ልጅ ቢያመው ታች ሳትወርዱም ቀናችሁ አይባክንም። ጠርዙ ላይ ግን መከለያ የለም፤ ፏፏቴው አጠገብ ያለው ድንጋይ ያንሸራትታል፤ የትንሹን ልጅ እጅ እንዳትለቁ።

ዱርባ ይቀርባችኋል፤ ከጫንጮ ወደ ግራ ነው። ከዚያ የሚታየው የሙገር ሸለቆ ግርማ ይበልጣል ብሎ ለሚከራከር ሰው አልቃወምም። ግን መንገዱ የሲሚንቶ ጭነት መኪና የሚመላለስበት ነው፤ ቁልቁለቱንም የአካባቢው ሰው ሳይመራችሁ አትሞክሩት። ልጆቹ አንድ ጊዜ ከለመዱ በኋላ ይሁን። አባይ በረሃን ለዚህ ቀን አታስቡት፤ ጎሐ ጽዮን ለመድረስ ብቻ 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የትኛውንም ብትመርጡ የመንገዱን ሰላም በዋዜማው እዚያው ለሚኖር ሰው ደውላችሁ አጣሩ።

አሁን ወደ ዋናው። ተራራ ሲሆን ድካሙ ይቀድማል፤ የደከመው ልጅ ፊቱን አዙሮ ቁልቁል ይወርዳል። ሸለቆ ተቃራኒው ነው፦ ጠዋት በብርዱ እየዘለላችሁ ትወርዳላችሁ፣ ዳገቱ የሚመጣው ጉልበት አልቆ ፀሐይ ስትከር ነው። ስለዚህ ውሃውንም ጫማውንም ሰዓቱንም በመውጫው ለኩት። ዳገት ላይ በሰዓት 200 ሜትር ከፍታ የሚወጣ ልጅ ጎበዝ ነው። አናቱ ላይ ስልካችሁ የሚያሳየውን ከፍታ ያዙ። ከዚያ 400 ሜትር ስትወርዱ ወይም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ ከሁለቱ በቀደመው ተመለሱ። 1 ሰዓት ተኩል ላይ መውረድ ከጀመራችሁ ከነዕረፍቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ አናቱ ላይ ናችሁ። ሰውን ችግር ውስጥ የሚከተው «ወንዙ እኮ ይኸው፣ ትንሽ ነው የቀረው» የሚለው ነገር ነው። በየ100 ሜትሩ ቁልቁል ሙቀቱ በግማሽ ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ ፀሐይ ያገኘው አለት ደግሞ እንደ ምጣድ ሙቀቱን መልሶ ፊት ላይ ይለቃል።

ውሃ ለአዋቂ 3 ሊትር፣ ለልጆቹ ሁለት ሁለት ሊትር፣ ለሕፃኗ 1፤ በድምሩ 11 ሊትር፣ ማለትም 11 ኪሎ። መኪናው ውስጥ ሌላ 5 ሊትር ይቅር። ቱቦ ያለው የጀርባ ውሃ ከረጢት ለአንድ ሰው ጥሩ ነው፤ ለቤተሰብ ግን ስንት እንደቀረ ሳይታይ ያልቃል። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይሻላል፦ አንዱ ቢፈስ ሌላው አለ፣ የቀረውም በዓይን ይቆጠራል። ከውሃው ሲሶው ካለቀ የትም ብትሆኑ ተመለሱ። አንዱን ሃይላንድ ለምለም (ለተቅማጥ የሚሰጠውን የፈሳሽ መተኪያ ጨው፣ ኦ.አር.ኤስ) በጥብጡበት፤ አንድ ከረጢት ለ1 ሊትር ነው፣ ለ2 ሊትሩ ሁለት ከረጢት ያስፈልጋል። በላብ የሚወጣውን ጨው ውሃ ብቻውን አይተካም። በሶውም ቆሎውም ጨው ይኑረው።

የወንዝ ውሃ ለማከም ውሃ አጋርና ቢሻን ጋሪ የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። ውሃ አጋር ለጠራ ውሃ ነው። ቢሻን ጋሪ ደፍራሹን አዝቅጦ ያጠራል፤ ግን መጠኑ ለ20 ሊትር ጀሪካን ስለሆነ ለሃይላንድ ከፋፍሎ መለካት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ውሃውን ከቤት ይዞ መሄድ ነው። ቢልሃርዚያ ስላለ ልጆቹ ወንዙ ውስጥ አይግቡ። ላይ ሰላሌ ዘንቦ ከሆነም ሰማዩ ጠርቶ እያያችሁት ጎርፍ ይመጣል።

ሌላ መልስ፣ ስለ ጫማ፦ መርካቶ ሰልባጅ ተራ ያለው የተራራ ጫማ ከአዲሱ ስኒከር ይበልጣል፤ ግን መርምራችሁ ግዙ። መሃል ሶሉን በአውራ ጣት ጫን በሉት። ቢሰነጠቅ ወይም እንደ ደረቀ ዳቦ ቢፈረፈር ተዉት፤ ላዩ አዲስ ቢመስልም ስፖንጁ አርጅቷል፣ መንገድ ላይ ሶሉ ተገንጥሎ ይቀራል። ቀጥሎ ከጣቶቹ ሥር እጠፉትና ሶሉና ቆዳው የተጣበቁበትን እዩ፤ የፀጉር ያህል ክፍተት ካለ ጠጠር ይገባበታል። ስትለኩት ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ ደረጃ ውረዱ፤ አውራ ጣት ፊቱን ከነካ ቁልቁለቱ ጥፍሩን ያጠቁረዋል። ጥፍር ከጉዞው 2 ቀን በፊት ይቆረጥ። ለልጆች ኮንጎ ጫማ አይሆንም፤ ሲያልብ እግር ውስጡ ይንሸራተታል። ገበሬው በበረባሶ ሲወርድ አይታችሁ እንዳትሞክሩት፣ እግሩ የለመደ ነው። አዲሱን ጫማ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ሁለት ጊዜ ውጡበት። የሚልጥ ከሆነ እዚያው ይታወቃል።

ዱላ ለእያንዳንዱ ያስፈልጋል፤ የባሕር ዛፉ ይበቃል። ተጣጣፊ ብረት ከገዛችሁ በመጠምዘዝ የሚጠብቀውን ትታችሁ ባለ መቆለፊያውን ያዙ፤ የሚጠመዘዘው የአዋቂ ክብደት ሲያርፍበት ወደ ውስጥ ይገባል።

ስለ መኪናና ስለ ሕፃኗ፦ የሕዝብ መኪና ሲሞላ ነው የሚነሣው፤ ጠዋቱን ይበላባችኋል። ኮንትራት ሚኒባስ ያዙ፤ ስትዋዋሉ ከነነዳጁ፣ ከነመጠበቂያው፣ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ብላችሁ በአንድ ዋጋ ጨርሱ። ያልተነገረው ሰዓት ሁሉ ኋላ ጭቅጭቅ ነው። ከሱሉልታ 11 ሰዓት ተኩል ሌሊት ተነሡ። ጋቢውና ጃኬቱ መኪናው ውስጥ ይቅር። እዚያው ስትደርሱ አንድ የአካባቢ ወጣት ለመሪነትና ውሃ ለመሸከም ያዙ፤ ክፍያው ሳትወርዱ ይነገር።

ለሕፃኗ ደረት ላይ የሚታሰረውን ዘመናዊ ማዘያ አልመክርም። ቁልቁለት ላይ የእግራችሁን ማረፊያ ትጋርዳለች፣ ስትወድቁም ከሥር የምትሆነው እሷ ናት። አንቀልባ ይሻላል፤ ከጀርባ ስለሆነ ፊት ለፊታችሁ ክፍት ነው። ጉድለቱ ቆዳው አየር አለማስገባቱ ነው። በእናንተ ጀርባና በእሷ ሆድ መካከል ጥጥ ነጠላ አጥፋችሁ አድርጉ፤ በየ20 ደቂቃው ጥላ ሥር አውርዳችሁ አንገቷን ዳስሱ። ትኩስና ደረቅ ከሆነ ነጠላውን አርሳችሁ ሸፍኗት፣ አራግቡላት፣ በትንሽ በትንሹ አጠጧትና ጉዞውን እዚያው አቁማችሁ ውጡ።