ጥቆማ፦ የሞርስ ኮድ መለማመጃ በርካሽ ለመሥራት ዕቃውን ከየት ልግዛ?

የደብረ ሲናው መምህር
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ሲና ነው የማስተምረው። ለሳይንስ ክበባችን ልጆች የሞርስ ኮድ (ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ መላኪያ) መለማመጃ መሥራት ፈልጌያለሁ። ቁልፉን ሲጫኑት ጢጥ የሚል፣ ሲለቁት ዝም የሚል፣ በቃ። የአንዱ ወጪ ከ500 ብር ባያልፍ ደስ ይለኛል። ደብረ ብርሃን የምታምኑት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ቤት አለ? ወይስ መርካቶ ድረስ ልሂድ?

ጠባሴ ሰፈር
እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ያለው ጥገና ቤት ሂድ። ሌላ ቦታ አትልፋ። ቴሌቪዥናችንን፣ ዲኮደራችንን ሁሉ የሠራልን እሱ ነው። እጁ ወርቅ ነው።

ሸዋሮቢት
ጥገናውስ ይሁን፣ ጢጥ የሚለውን ዕቃ፣ ባዘሩን፣ ይሸጣል?

ጠባሴ ሰፈር
ከሌለው ያስመጣልሃል። ታማኝ ልጅ ነው።

ማሕሌት
መምህር፣ በኦንላይን ብቻ እንዳትገዛ! እኔ «ሙሉ ኪት» ብሎ ከለጠፈ አንድ የቴሌግራም ሻጭ ገዛሁ። ብሩን አስቀድሜ ላክሁ። የመጣው ባዘር ባትሪ ሲነካው ቋ ይልና ዝም ነው። ስደውልለት «ዕቃው ደህና ነው» አለኝ። ደግሜ ስደውል ብሎክ አደረገኝ።

ሰላድንጋይ
እኔም ጫማ አዝዤ ቁጥሩ ያልሆነ ላኩልኝ።

አንጎለላ
ኢርፎን። በሳምንቱ አንዱ ጆሮ ሞተ።

ማሕሌት
ብር አስቀድማችሁ አትላኩ። እባካችሁ ለሌላውም ንገሩ።

ሸዋሮቢት
ጎበዝ፣ ሰውዬው ስለ ጫማ አልጠየቀም! ልጆች ሊያስተምር ነው ዕቃ የሚፈልገው። የምታውቁትን ንገሩት፣ ካልሆነ ቦታውን ልቀቁለት።

ኤሌክትሪካል ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን
ማሕሌት፣ ባዘርሽ የተበላሸ አይመስለኝም። ባዘር ሁለት ዓይነት ነው። አክቲቭ የሚባለው ባትሪ ሲያገኝ በራሱ ይጮኻል። ፓሲቭ የሚባለው ግን ድምፁን የሚፈጥርለት ሌላ ሰርኪዩት ይፈልጋል፤ ያለዚያ ቋ ብቻ ነው የሚለው። ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፣ ሻጮችም ቀላቅለው ያስቀምጧቸዋል። መምህር፣ የትም ግዛ፣ የባትሪ ድንጋይ ይዘህ ሂድና እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክረው። ፕላስና ማይነሱ ከተገለበጠ አክቲቩም ዝም ስለሚል አገላብጠህ ንካው። ባለ 5 ቮልቱ በሦስት ትንንሽ ድንጋይ ጥሩ ይሠራል። ማሕሌት፣ ያንቺንም አትጣይው። 555 አይሲ (ድምፁን የሚፈጥርልሽ ትንሽ ቺፕ)፣ 1 ኪሎ ኦም እና 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ከባለ 9 ቮልት ባትሪ ጋር ብትገጥሚለት ወደ 690 ኸርዝ ድምፅ ይሰጥሻል። ለጆሮ ደስ የሚል ድምፅ ነው።

ማሕሌት
እሺ ወንድሜ፣ ተባረክ። ግን ብሎክ ማድረጉስ?

አዲሱ ገበያ
ስልክ ላይ እኮ አፕ ሞልቷል። የጉግል ኪቦርድ ራሱ የሞርስ መጻፊያ አለው። ምን አደከማችሁ?

የደብረ ሲናው መምህር
ስልክ ያላቸው ልጆች ጥቂት ናቸው። ደግሞ ሽቦውን በእጃቸው ገጥመው ሲጮህላቸው እንዲያዩ እፈልጋለሁ። ቁልፉን በምን ልሥራው?

መሐል ሜዳ
በአሮጌ የብረት መጋዝ ምላጭ። አንዱን ጫፍ ጣውላ ላይ በብሎን እሰረው፣ ከሌላው ጫፍ ሥር ደግሞ ሌላ ብሎን ትከል። ምላጩ ሲጫኑት ብሎኑን ይነካል፣ ሲለቁት ይነሳል። ሽቦ የሚነካበትን ቦታና ጫፉን ግን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፤ ቀለሙ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የልብስ መቆንጠጫም ይሆናል፣ ግን እጅ ቶሎ ይደክማል።
አባቴ በጦር ሠራዊቱ መገናኛ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። ነጥብና ሰረዝ ወረቀት ላይ አይተው የሚያጠኑ ልጆች ሲያዩ ይቆጣሉ። «ሞርስ በጆሮ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በዓይን የለመደ ሰው ፍጥነት ሲጨመር ይጠፋበታል። ልጆቹን መጀመሪያ ሁለት ፊደል ብቻ፣ ኬ እና ኤም፣ በፍጥነት አሰማቸው። ከአሥሩ ዘጠኙን ሲለዩ አንድ ጨምር። ረጅሙ ድምፅ የአጭሩን ሦስት እጥፍ ይሁን። በፊደልና በፊደል መካከል ሦስት አጭር ያህል ዝምታ፣ በቃልና በቃል መካከል ሰባት። ዝምታው ካልተጠበቀ ሰሚው ግራ ይጋባል።

አንጎለላ
ይሄ ነገር ፈቃድ አይጠይቅም? መምህሩ ችግር ውስጥ እንዳይገባ።

ኤሌክትሪካል ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን
ባዘር አየር ላይ የሚልከው ነገር የለም፣ ፈቃድ አያስፈልገውም። ፈቃድ የሚያስፈልገው በሬዲዮ ለማስተላለፍ ነው። ልጆቹ ከወደዱት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የሚባል የአማተር ሬዲዮ ክበብ ጣቢያ አለ፤ እዚያ ጠይቅላቸው።

የደብረ ሲናው መምህር
እግዜር ይስጥልኝ። የአባትሽን ምክር ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ። ቅዳሜ ወደ ደብረ ብርሃን እወጣለሁ። ድንጋይም ይዣለሁ።

ጠባሴ ሰፈር
እንዳልኩህ ጠባሴ ሂድ።

ሸዋሮቢት
ባዘር ይኑረው አይኑረው እስካሁን አልነገርከንም እኮ።

ጠባሴ ሰፈር
ባይኖረውም ሥራው አንደኛ ነው።

ሰላድንጋይ
ዲኮደር ስንት ይሠራል? የኔ ከጠፋ ቆየ።

ጠባሴ ሰፈር
በውስጥ አናግረኝ፣ ስልኩን እልክልሃለሁ።