ኪላዌያ እሳተ ገሞራ አጠገብ አርፈናል፣ እናቴን የት ልውሰዳት?

ሰላም ለሁላችሁ። ያለነው ሃዋይ፣ ቢግ አይላንድ ነው። ቮልኬኖ በምትባለው መንደር ቤት ተከራይተናል። የእሳተ ገሞራው ፓርክ በር ቅርባችን ነው፤ ግን ግራ ገብቶናል።

እናቴ አስም አለባት። ትናንት ድኝ ወደሚሸትበት ቦታ ስንጠጋ ሳሉ ጀመራት። ወዲያው ተመለስን። ከዚያ ወዲህ መውጣት ፈርታለች። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ባሕር አቋርጣ መጥታ በእሳተ ገሞራው አናት ላይ ያለውን የሃሌማኡማኡን ጉድጓድ ሳታይ ብትመለስ በጣም ያሳዝነኛል። ነፋሱ ጭሱን ወደ ሌላ ሲነዳው ከየትኛው መመልከቻ ብናይ ይሻላል? ጉልበቷንም ያማታል። ናሁኩ የሚባለው የላቫ ዋሻ ደረጃ አለው አሉ። ይከብዳት ይሆን?

ወደ ባሕሩ የሚወርደውን የ30 ኪሎ ሜትር መንገድም አስቤ ነበር። እሷ ከመኪና ሳትወርድ ብዙ ታያለች። ነዳጅና ምግብ ስለሌለበት ስንቅ ይዘን እንሄዳለን።

ብርዱንም አልጠበቅነውም። ሃዋይ ሙቀት ነው ብለን ስስ ልብስ ይዘን መጣን፤ መንደሩ ለካ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው! ሂሎ ከተማ ድረስ ሳንነዳ ማታ ትኩስ ሾርባ የሚገኝበት ቤት የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙን። የቀረን ሦስት ቀን ብቻ ነው።