የጣት መልመጃ አሰልችቶኛል፤ ልተወው ወይስ ልቀጥል?

ጀማሪዋ (ጥያቄ)
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያኖ የጀመርኩት አዋቂ ከሆንኩ በኋላ ነው። አስተማሪ የለኝም፤ በመጽሐፍና በቪዲዮ ነው የምማረው። ያለኝ 88 ቁልፍ ያለው ዲጂታል ፒያኖ ነው። በቀን የማገኘው ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ያንኑ ጊዜ ደግሞ አብዛኛውን የሚበሉት ስኬል (ኖታዎችን በተርታ መውጣትና መውረድ) እና የሃኖን መልመጃዎች ናቸው። ለማያውቀው ሰው፣ ሃኖን እ.ኤ.አ. በ1873 የታተመ የ60 መልመጃዎች ስብስብ ነው። የመጀመሪያዎቹ አንድን የጣት ቅደም ተከተል በነጭ ቁልፎች ላይ እየደጋገሙ መውጣትና መውረድ ናቸው።

ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በጣም ሰልችቶኛል። ሰሞኑን ፒያኖው አጠገብ መቀመጥ ራሱ እያስጠላኝ ነው። ሁለተኛ፣ የቀለበት ጣቴ አልታዘዝ ብሎኛል። ወይ ይዘገያል፣ ወይ ድምፁ ይጠፋል። ምት የሚቆጥርልኝ ሜትሮኖም በደቂቃ 60 ላይ እያለ ደህና ነኝ፤ 90 ሲደርስ ሁሉም ነገር ይዘበራረቃል። መልመጃውን ትቼ ዜማ ብቻ ልጫወት? ወይስ ጨክኜ ልግፋበት?

የስኬል ወዳጅ
እህቴ፣ አትተዪው፤ ቀንሺው። ከግማሽ ሰዓት ውስጥ ለመልመጃ ከ10 ደቂቃ በላይ አትስጪ። አንዱን መልመጃ ምረጪና ሳምንቱን ሙሉ እሱን ብቻ ያዢ። ብዙ ሰው ከ1 እስከ 20 ያሉትን በአንድ ቁጭታ ለመጨረስ ይሞክራል። እንደዚያ ሲሆን ጣት ይሠራል፣ ጆሮ ይተኛል። ስልቸታው የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሜትሮኖሙንም ከ60 ወደ 90 አታዝልዪው። አራት አራት እየጨመርሽ ሂጂ። የሚበላሽበትን ቁጥር ስታገኚ ትንሽ ወደኋላ ተመለሺና እዚያ ቆዪ።

መምህሩ
ፒያኖ አስተምራለሁ፤ ስለ ቀለበት ጣትሽ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ይህን ጥያቄ የማያነሳ ተማሪ የለምና።

እጅሽን ጠረጴዛ ላይ ዘርጊ። የመሀል ጣትሽን ወደ ውስጥ እጠፊው። አሁን የቀለበት ጣትሽን ብቻ ወደ ላይ ለማንሳት ሞክሪ። እምቢ ይልሻል። ይህ ያንቺ ድክመት አይደለም፤ የሁላችንም እጅ እንዲሁ ነው። ጣትን የሚያነሱት ጡንቻዎች ያሉት ክንድ ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ጣት የሚወርዱት ጅማቶች ደግሞ እጅ ጀርባ ላይ እርስ በርስ ይያያዛሉ። የቀለበት ጣት ከጎረቤቶቹ ጋር የታሰረ ስለሆነ ብቻውን ከፍ ብሎ አይነሳም። ስለዚህ «ጣትህን ከፍ አድርገህ ምታ» የሚለውን የድሮ ምክር እርሺው። ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳርፊውና ክብደቱን ከክንድሽ ስጪው። እጅሽ በሙሉ ትንሽ ወደዚያ ጣት ዘንበል ይበል።

ሌላም ነገር አለ። የፒያኖ ቁልፍ ወደታች የሚሄደው 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በአኮስቲክ (ክርና መዶሻ ባለው) ፒያኖ ቁልፉ ወለሉን ከመንካቱ በፊት መዶሻው ተለይቶ ወደ ክሩ ሄዷል። ከዚያ በኋላ ብትጫኚው ድምፁ ላይ ምንም አትጨምሪም። ባንቺ ዲጂታልም ሴንሰሩ የሚለካው ቁልፉ የወረደበትን ፍጥነት ነው። 90 ላይ የሚዘበራረቅብሽ፣ ብዙ ጊዜ እንደማየው ከሆነ፣ ጣቶችሽ ድምፁ ከወጣ በኋላም እየተጫኑ ስለሚቆዩ ነው። አንዱ ሳይለቅ ሌላው መነሳት አይችልም። አንድ ኖታ ተጫወቺ፣ ወዲያው ጣትሽን ዘና አድርጊው፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ሂጂ። በጣም ቀስ ብለሽ።

ስኬሉንም ነጭ ቁልፎች ብቻ ካሉት ከሲ ሜጀር አትጀምሪ። አቀናባሪው ሾፓን ለተማሪዎቹ መጀመሪያ የሚሰጠው ቢ ሜጀርን ነበር። ሲ ሜጀርን ለማንበብ ቀላል፣ ለእጅ ግን ከባድ ነው ብሎ ወደኋላ ያቆየው ነበር። እውነቱን ነው። በቢ ሜጀር ረጃጅሞቹ ጣቶች ጥቁር ቁልፎች ላይ ያርፋሉ። አውራ ጣት ሁለቱን ነጮች፣ ቢንና ኢን ይይዛል። የቀኝ እጅ ጣት ቁጥር (አውራ ጣት 1፣ ትንሿ ጣት 5 ናት) 1-2-3-1-2-3-4-5 ነው፤ የግራው ከታች ሲነሳ 4-3-2-1-4-3-2-1። እጅሽ ሳይጨነቅ ቅርጹን ያገኛል።

የዜማ ሰው
መምህሩ ስለ እጅ ባሉት እስማማለሁ። ሃኖን ላይ ግን እለያለሁ፤ ጭራሽ ተዪው ባይ ነኝ። የግማሽ ሰዓት ጊዜ ያለው ሰው በሃኖን ሊያጠፋው አይገባም። የሃኖን ቅደም ተከተሎች በምትጫወቺው ዜማ ውስጥ ስንቴ ያጋጥሙሻል? እጅ የሚማረው የሠራውን ነው።

መልመጃሽን ከምታጠኚው ዜማ አውጪው። የሚያስቸግርሽን አንድ ሁለት ባር (ኖታው ላይ በቋሚ መስመሮች መካከል ያለ ክፍል) ቁረጪ። መጀመሪያ አንዱን ኖታ ረጅም፣ ቀጣዩን አጭር አድርገሽ ተጫወቺ። ከዚያ ገልብጪው፤ አጭር፣ ረጅም። በሦስተኛው አራት ኖታ በፍጥነት ተጫውተሽ ቁሚ፣ እጅሽን ዘና አድርጊ፣ ቀጣዮቹን አራት ተጫወቺ። ሲለምድሽ ያንኑ ባር ወደ ሌላ ስኬል አዙሪው። ይህ ከየትኛውም የመልመጃ መጽሐፍ አያንስም። ትርፉንም በዚያው ቀን በጆሮሽ ትሰሚዋለሽ። ሞራል የሚሰጠው ይሄ ነው!

ትንሽ ስትበረቺ ኢንቬንሽን ወደሚባሉት የአቀናባሪው ባክ አጫጭር ሥራዎች ሂጂ። 15ቱ ባለ ሁለት ድምፅ ናቸው፤ ሁለት ዜማ በአንድ ጊዜ ይሄድባቸዋል። ባክ ራሱ ለተማሪ ብሎ ነው የጻፋቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1723 ባዘጋጀው ቅጂ ላይ ይህንኑ አስፍሯል። ግራ እጅ እንደ ቀኝ እኩል ይሠራል። መልመጃም ናቸው፣ ሙዚቃም ናቸው።

የስኬል ወዳጅ
ሃኖን አንድ ጥቅም አለው፤ ኖታ ማንበብ አይፈልግም። ቅርጹን ከያዝሽ በኋላ ዓይንሽም አእምሮሽም ነፃ ነው። ያን ጊዜ ግራውን ጮክ፣ ቀኙን ለስለስ አድርጊ፤ ከዚያ አቀያይሪ። ወይም አንዱን እጅ ኖታውን እያያያዝሽ፣ ሌላውን እየቆራረጥሽ። እንዲህ የሞከረው ሰው ሰለቸኝ የሚልበት ጊዜ አያገኝም። የዜማ ሰው፣ መጽሐፉ ሳይሆን አጠቃቀሙ ነው ጥፋቱ።

ጀማሪዋ
በጣም አመሰግናለሁ። መምህር፣ የጠረጴዛውን ነገር ሞከርኩት፤ እውነትም አይነሳም! አንድ ነገር ልጨምር። ቶሎ ስጫወት ከክርኔ በታች ያለው የክንዴ ሥጋ ያቃጥለኛል። መምህር፣ ይህ ከልምምድ የሚመጣ ነው ወይስ ልፈራው ይገባል ይላሉ?

መምህሩ
አቁሚ። ማቃጠልን ችሎ ማለፍ ጥንካሬ አያመጣም። አቀናባሪው ሮበርት ሹማን ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው ቀኝ እጁ ተጎድቶ የፒያኖ ተጫዋችነት ሕልሙን ትቷል። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ግን እጅ ሲናገር መስማት ያስፈልጋል።

መቀመጫሽን እዪው። ክርንሽ ከቁልፎቹ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን። ወንበሩ ዝቅ ካለ የእጅ አንጓሽ ይታጠፍና ሸክሙን ክንድሽ ይይዘዋል። ትከሻሽንም ፈትሺ፤ ሰው ሲቸኩል ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል። ፍጥነቱን ቀንሰሽም፣ አርፈሽም ካልለቀቀሽ ሐኪም ይየው። መደንዘዝ ካለበት ደግሞ አትቆዪ።

የማታ ተለማማጅ
ስለ ስልቸታው ያልተነሳ ነገር አለ። ሁሉም ሰው መልመጃውን መጀመሪያ፣ ዜማውን መጨረሻ ያደርጋል። የደከመሽ ቀን ገልብጪው። የምትወጂውን፣ የምትችዪውን ዜማ ቀድመሽ ተጫወቺ። ለመቀመጥ የሚጋብዝሽ እሱ ነው፤ መልመጃው ከዚያ በኋላ ይገባል።

ፒያኖሽንም ሸፍነሽ ጥግ አታስቀምጪው። የተሰካና የተከፈተ ይሁን፣ ሄድፎኑ እላዩ ላይ ይኑር። ለመጀመር የሚያስፈልገው ጣጣ ባነሰ ቁጥር ትቀመጫለሽ።

ደግሞ ዛሬ ያልወጣልሽን ነገር በግድ ዛሬ ካልጨረስኩ አትበዪ። እጅ የተማረውን አእምሮ በእንቅልፍ ጊዜ ያጸናዋል። ማታ እምቢ ያለሽ ባር ጠዋት ሲፈታ ታዪዋለሽ። በሳምንት አንድ ጊዜ ያንኑ ቦታ በስልክ ቅጂው። ለውጡ ከቀን ወደ ቀን አይሰማም፤ የዛሬ ወር የቀዳሽውን ስትሰሚ ግን ታውቂዋለሽ።

ጀማሪዋ
እሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሃኖን አንድ ብቻ፣ ከዚያ ቢ ሜጀር፣ የቀረው ለዜማው። የዜማ ሰው፣ የሚያስቸግረኝ ባር በቀኝ እጅ ሁለት ጎረቤት ነጭ ኖታዎችን ቶሎ ቶሎ የሚያቀያይር ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም እረፍት ነው። መጽሐፉ ላይ 4-5-4-5 ይላል። በምን ልጀምር?

የዜማ ሰው
የጣት ቁጥሩን በመቀየር ጀምሪ። ቁጥሩን አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው የኅትመቱ አዘጋጅ ነው፤ ሐሳብ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። በፊቱ እረፍት ካለ እጅሽን ለማዛወር በቂ ጊዜ አለሽ። መላ እጅሽን አንሺና 2-3-2-3 አድርጊው። ወይም 1-3 ሞክሪ፤ ክንድን እያዞሩ ለመጫወት ይመቻል። የተስማማሽን በእርሳስ ኖታው ላይ ጻፊውና ከዚያ በኋላ አትለዋውጪው። አንድ ቀን አንዱን፣ ሌላ ቀን ሌላውን ከተጫወትሽ እጅሽ ግራ ይጋባል።