የላራቬል ራውት ፓራሜተርን የት ላይ ብፈትሸው ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ይዞኛል፤ እስቲ አግዙኝ።

በላራቬል (የፒኤችፒ ፍሬምወርክ) የምሠራው አፕ የትዕዛዝ ገጽ አለው። የዩአርኤሉ መጨረሻ የትዕዛዙ አይዲ ነው፤ ራውት ፓራሜተር ያልኩት እሱን ነው። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ፣ የአይዲው ኮለምን ደግሞ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር)። በቁጥሩ ቦታ ፊደል ሲገባ ፖስትግሬስ ኤረር ይወረውርና ተጠቃሚው 500 (የሰርቨር ስህተት) ያያል። እኔ የምፈልገው 404 (ገጹ አልተገኘም) ነው።

ራውቱ ላይ «ዌርነምበር» ጨመርኩ። የፊደሉ ጉዳይ ተፈታ። ግን እሱ አሃዝ መሆኑን እንጂ መጠኑን አያይም። 99999999999 ተብሎ ሲጻፍ ያሳልፈዋል። የኢንቲጀሩ ጣሪያ 2147483647 ስለሆነ ያው 500 ይመጣል። ማን እንዲህ ይጽፋል እንዳትሉኝ፤ ሎጉን ቦቶች ሞልተውታል።

ፎርም ሪኩዌስትም (የላራቬል የግብዓት መፈተሻ ክላስ) ሞክሬያለሁ። የራውት ፓራሜተርን በራሱ ስለማያይ፣ ቫሊዴሽኑ ከመጀመሩ በፊት መርጅ አድርጌ አስገባሁት። ይሠራል። ግን ቁጥሩ ልክ ካልሆነ ብራውዘሩን ወደ ቀድሞው ገጽ ይመልሰዋል፤ ለጄሰን ጥያቄ ደግሞ 422 (ግብዓቱ ልክ አይደለም የሚል ኮድ) ይሰጣል። በሊንክ ለሚከፈት ገጽ ይሄ ምኑም አይጥምም።

አሁን ሁለት አማራጭ ይታየኛል። አንዱ በሬጌክስ (የጽሑፍ ቅርጽ መፈተሻ) እስከ 9 አሃዝ ብቻ መፍቀድ ነው። ቀላል ነው፣ ግን 10 አሃዝ ያላቸውን ትክክለኛ አይዲዎችም ይዘጋል። ሌላው ሞዴሉ ውስጥ «ሪዞልቭ ራውት ባይንዲንግ»ን (በአይዲው ሪከርዱን የሚፈልገውን ሜተድ) ራሴ ጽፌ፣ ቁጥሩ ከጣሪያው ካለፈ ነል (ባዶ) መመለስ ነው፤ ያኔ ላራቬል ራሱ 404 ይሰጣል።

ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ሞዴሎቼ ግን ብዙ ናቸው፤ ያንኑ ኮድ በየሞዴሉ መገልበጥ አልፈልግም። ትሬይት (ብዙ ክላሶች የሚጋሩት ኮድ) ይሻላል ወይስ አንድ ቦታ ላይ ለሁሉም የሚሠራ ዘዴ አላችሁ? አጭር የኮድ ናሙና ካያያዛችሁልኝ ደግሞ ትልቅ ውለታ ነው።