ክርክር፦ ታሪክን በድራማ ማስተማር ይጠቅማል ወይስ ጊዜ ይበላል?

አወያይ፦ የካቲት 23 በደረሰ ቁጥር ትምህርት ቤቶች የዐድዋን ድራማ ያሠራሉ። ተማሪው ይደሰታል፤ በማግስቱ ግን ጦርነቱ ለምን እንደተነሳ ሲጠየቅ መልስ የለውም የሚሉ አሉ። እስቲ የምታስተምሩ ተናገሩ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ፣ ክፍሉ ደግሞ 60 ተማሪ መሆኑን አትርሱ።

ጠመኔ፦ ድራማውን እቃወማለሁ። ልምምዱ ብቻ ሦስት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ የሚናገሩት ስምንት ልጆች ናቸው፣ ሌላው ተመልካች ነው። የባሰው ደግሞ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ መታወቁ ነው። ልጁ ፎክሮ ይወርዳል እንጂ የሚያስብበት ነገር የለም። ስለዚህ መጨረሻው የማይታወቀውን ስጧቸው፦ የመቀሌውን ከበባ። ሰሌዳው ላይ ኮረብታ ሳሉ፤ አናቱ ላይ ጣልያን የያዘውን የእንዳ ኢየሱስን ምሽግ፣ ከግንቡ ውጭ ምንጮቹን። ምሽጉን በቀጥታ ለመያዝ የተደረገው ጥቃት ብዙ ሰው አስጨርሶ እንደከሸፈ፣ የምኒልክም ሠራዊት ስንቅ እያጠረው እንደነበር ንገሯቸው። «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» ብላችሁ 10 ደቂቃ አማክሯቸው። የእቴጌ ጣይቱ ምክር፣ የምንጮቹ መያዝ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ ከባዱ ጥያቄ ይምጣ፦ በጥር 1888 ምኒልክ በጥም የተያዘውን ጠላት ከነመሣሪያው ለምን ለቀቁት? ክፍሉ የሚጋጋለው እዚህ ላይ ነው።

ሰማንያ ተማሪ፦ ወንድሜ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ 60 ልጅ አራት አራት ሲሆን ግን 15 ቡድን ነው። እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ቢናገር 30 ደቂቃ ሄደ። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ በአንድ ዴስክ የተቀመጡት ሦስቱ ወደ ኋላ ዞረው ከኋለኛው ዴስክ ጋር ስድስት ይሁኑ። ውሳኔያቸውን በአንድ መስመር ይጻፉ። የሚናገሩት የተለያየ ውሳኔ ያላቸው ሦስት ቡድኖች ብቻ ናቸው፤ ሌላው በእጅ ማውጣት ከማን ጋር እንደሆነ ያሳያል። ለወንበር ማዞር ሁለት ደቂቃ ካልያዛችሁለት ማጠቃለያው በደወል ይቆረጣል።

ነጋሪት፦ ድራማን እንዲህ ባትጥሉት። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ማንበብ የከበደው ልጅ በጆሮው የሚገባው ነገር ያስፈልገዋል። ጥፋቱ ድርሰቱን ተማሪው ከራሱ እንዲፈጥር መተው ነው። የመስከረም 1888ቱን የክተት አዋጅ አንድ ልጅ ቆሞ በድምፅ ያንብብ፤ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ ጠይቁ፦ ጉልበት የሌለው ሰው ምን ታዘዘ? የቀረውስ ምን ይጠብቀዋል? የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ይከተት የተባለው ለምንድን ነው? ክረምቱ አልፏል፣ መንገዱ ደርቋል፤ አዝመራው ግን ገና ማሳ ላይ ነው። የገበሬ ልጅ ይህን ከመምህሩ ቀድሞ ይመልሳል።

ብራና፦ ከድራማውም ከከበባውም በፊት የዘመኑ ነገር ይስተካከል። ልጁ ከቤቱ ዐድዋን በ1888 ያውቃል፤ መጽሐፉ 1896 ይለዋል። ተማሪው ታሪክን የሚጠላው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ግራ ስለሚጋባ ነው። «ስምንት ቀንስ» ማለት ብቻውን ያሳስታል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ነው። ከዐድዋ በፊት የነበረው የአምባላጌ ጦርነት ኅዳር 28 ቀን 1888 ሲሆን በፈረንጅ ገና 1895 ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ የመጣው ዐድዋ ግን 1896 ላይ ይውላል። ግድግዳ ላይ ሲባጎ ወጥራችሁ ከላይ የፈረንጁን፣ ከታች የኛን ዓመት ስቀሉ፤ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይቆይ።

እርቦ፦ ሁሉም ጦርነት ሆነ እኮ! የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው፣ የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የት ሄደ? ከአዋጁ በፊት ያረሱ አዛውንቶች ዛሬም አሉ፤ ቆይተን ግን አናገኛቸውም። ተማሪው አምስት ጥያቄ ይዞ ይሂድ። «አዋጁን እንዴት ያዩታል?» ካለ የሚያገኘው ንግግር ነው። «ለባለርስቱ የሚሰፈረው ሲሶ (ከሦስት አንድ) ነበር እርቦ (ከአራት አንድ)? በሬውና ዘሩስ የማን ነበር?» ካለ ግን መረጃ ያገኛል። ሽማግሌ ዓመት ይቀላቅላል፤ «ተማሪዎቹ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሳይመጡ ነው ከመጡ በኋላ?» ተብሎ ይጠየቅ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በዚያ ዘመን ሰው የሞተበትን ቤት አታስገድዱ፣ ልጁ ሌላ ርእስ ይምረጥ።

ሰማንያ ተማሪ፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው፤ ቃለ መጠይቅ አይፈትንም። ወላጅም ይህን ያውቃል።

ጠመኔ፦ ምርጫውንም መለወጥ ይቻላል መምህር። «ዐድዋ መቼ ሆነ?» የሚለውን ትታችሁ አራት ክስተት ደርድሩና «ከሌሎቹ ቀድሞ ካልሆነ የማይሆነው የቱ ነው?» በሉ። ይህን የሚመልስ ልጅ ዓመቱንም አይስትም። ለከበባው የሚሆነውን ክፍለ ጊዜ ደግሞ ከዶጋሊ ጦርነት እቀንሳለሁ፤ በ10 ደቂቃ ይነገር።

ነጋሪት፦ በዚህ አልስማማም። በ1879 ራስ አሉላ ጣልያንን ዶጋሊ ላይ መምታታቸው በደንብ ካልተነገረ፣ የጣልያን እርምጃ በ1888 ከሰማይ የወረደ ይመስላል። የሚቀነስ ካለ የጄኔራሎቹ ስም ዝርዝር ይቀነስ።