ሁሉ ነገር በሥርዓት በሚሄድበት አገር የግል መርማሪ ምን ይሠራል?

የፒያሳው አንባቢ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ልጅ ሆኜ የሼርሎክ ሆልምስን ትርጉሞች እየተሻማሁ ነው ያደግኩት። አሁን አንድ ጓደኛዬ "የስካንዲኔቪያን ወንጀል ልብወለድ ካልቀመስክ ምንም አላነበብክም" እያለ ጆሮዬን አደነቆረው። ሞከርኩ። ብርድ፣ ጨለማ፣ የተፋታ ፖሊስ፣ ቡና፣ እንደገና ብርድ። ከሁሉ ያልገባኝ የግል መርማሪው ነው። መንግሥቱ ከልደት እስከ ቀብር በሚንከባከብበት አገር ሰው ለምን ከኪሱ ከፍሎ መርማሪ ይቀጥራል? ምኑ ነው የሚጥማችሁ? እዚያ የምትኖሩ ካላችሁ አስረዱኝ።

የማታ ፈረቃ፦
ወንድሜ፣ እኔ በርገን፣ ኖርዌይ ነው የምኖረው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ማታ ማታ እሠራለሁ። ማንበብ የጀመርኩት ቋንቋዬ እንዲሻሻል ብዬ ነበር፤ ሱስ ሆኖብኝ ቀረ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የዚህ አካባቢ ልብወለድ አብዛኛው ጀግናው ፖሊስ ነው። የግል መርማሪ ከተባለ ግን የእኛው ከተማ ቫርግ ቬዩም አለ። ደራሲው ጉናር ስቶለሰን የበርገን ልጅ ነው፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1977 ወጣ። ቬዩም መርማሪ ከመሆኑ በፊት የሕፃናት ደኅንነት ሠራተኛ ነበር። አዎ፣ ልጅ ከወላጁ ሊወስድ የሚችለው፣ ሐበሻ ወላጅ ስሙን ሲሰማ ሆዱ የሚርደው መሥሪያ ቤት፣ ባርነቨርን! በየቤቱ የተደበቀውን ጉድ አይቶ ነው የወጣው። ከዚያ ስትራንድካየን ወደቡ ዳር ቢሮ ከፈተ። የባልና ሚስት ጉዳይ አልይዝም ይላል። ስለዚህ ደንበኛም ገንዘብም የለውም። አኳቪት የሚባለው የአገሩ አረቄ ግን አይጠፋም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እዚህ ሁሉ ነገር በደብዳቤ ነው። ታመለክታለህ፣ ውሳኔ ይመጣልሃል፣ ይግባኝ ትላለህ፣ መልስ ይመጣልሃል፣ መዝገቡ ይዘጋል። በደለኝ የምትለው ሰው የለም። ያጣኸው ነገር ግን እንደጠፋ ነው። የግል መርማሪው የሚገባው እዚያ ጋ ነው።

አንዱን መጽሐፍ ልንገርህ፤ በእንግሊዝኛ "ዌር ሮዝስ ኔቨር ዳይ" ይባላል። በ1977 የ3 ዓመት ሕፃን ደጃፏ ላይ አሸዋ ስትጫወት ትጠፋለች። ፖሊስ ፈልጎ ፈልጎ ያጣታል። 25 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው እናትየዋ ወደ ቬዩም ትመጣለች። ለምን ያኔ? ያን ጊዜ እዚህ አገር የግድያ ወንጀል እንኳ በ25 ዓመት በይርጋ ይታገድ ነበር። ቀኑ ካለፈ ገዳዩ ተነሥቶ "እኔ ነኝ" ቢል እንኳ ፍርድ ቤት አይቀርብም። ጉቦ የበላ የለም፣ የሰነፈ የለም። ቀን መቁጠሪያው ብቻ ነው የሚሄደው። እናት ደግሞ ይርጋ የላትም።

ጎረቤቶቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው። መጋረጃ ገለጥ አድርገው ያያሉ፣ ዝም ይላሉ። እኔን የያዘኝ ይሄ ዝምታ ነው። እኛ ሰፈር ልጅ ብትጠፋ ባለሱቁም እድሩም ያወራል፤ ግማሹ ውሸት ይሁን እንጂ ያወራል። እዚህ ግን ቬዩም ሳሎን ቁጭ ብሎ፣ የተቀዳለትን ቡና ይዞ፣ ሰውየው 25 ዓመት የዋጠውን እስኪተፋ መጠበቅ አለበት። ተኩስ የለመደ አንባቢ ይሰለቻል። እኔ እነዚያን ገጾች ነው ደጋግሜ የማነባቸው።

ዝናቡም የደራሲ ማጋነን አይደለም። በ7 ተራራ የተከበበች ከተማ ናት፤ ከባሕር የመጣ ደመና ሁሉ እዚሁ ያራግፋል። በዓመት ከ2000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ሐምሌን 12 ወር አድርገህ አስበው።

ከርዕስ ልውጣና፣ ኖርዌጂያኖች ፋሲካን የሚያሳልፉት የወንጀል ልብወለድ በማንበብ ነው። ስሙ ራሱ የፋሲካ ወንጀል ነው። በ1923 በፋሲካ ሰሞን ጋዜጣ ፊት ገጽ ላይ "የበርገን ባቡር ሌሊት ተዘረፈ" የሚል ወጣ። ዘመዱ ባቡሩ ላይ የነበረ ሁሉ ደነገጠ። ለካ የልብወለድ ማስታወቂያ ኖሯል! ዛሬ ወተት ካርቶን ላይ ሳይቀር የወንጀል እንቆቅልሽ ይታተማል። ቁርስ ሳቀርብ አንዲት እናት ካርቶኑን ከእጄ ነጥቀው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ። ገዳዩን ሳያገኙ ወተቱን አያስነኩም።

ከስቶክሆልም፦
የማታ ፈረቃ፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ የስዊድኑን ልጨምር። መንገዱን የጠረጉት ማይ ሹቫል እና ፔር ቫሉ ናቸው፤ ከ1965 እስከ 1975 10 መጽሐፍ ጻፉ። ግራ ዘመም ነበሩ፣ ወንጀሉን የጻፉት ስርዓቱን ለመተቸት ነው። የደራሲው የስቲግ ላርሰን ገጸ ባሕርይ ሊስቤት ሳላንደርም ብታስቡት የግል መርማሪ ናት፤ ለጥበቃ ድርጅት የሰው ገመና ትመረምራለች። እሷም ከመንግሥት አሳዳጊ እጅ የተጎዳች ናት። ላርሰን ራሱ በ1977 ኤርትራ ሄዶ ሴት ታጋዮችን አሠልጥኗል ይባላል።

አልተመቸኝም፦
ይቅርታ፣ ለእኔ አይሆንም። ከ300 ገጽ በኋላም ሰውየው መስኮት ዳር ቆሞ እያዘነ ነው። ኧረ አንዱን እሰሩልን! ሐዘን ከፈለግኩ ዜና አለልኝ።

የማታ ፈረቃ፦
😄 እውነትህን ነው፣ አንዳንዶቹ ማዘናቸውን እንደ ሙያ ይዘውታል። ቬዩም ግን ተረበኛ ነው፤ አፉ አያርፍም። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሚስጥሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የድሮ የቤተሰብ ጉድ ላይ መውደቁ። ብዙ ካነበብክ ግማሹ ላይ ትነቃበታለህ።

የፒያሳው አንባቢ፦
የይርጋው ነገር በላኝ። ከየትኛው ልጀምር ታዲያ?

የማታ ፈረቃ፦
"ዩርስ አንቲል ዴዝ" የሚለውን ፈልግ፣ የ1979 ነው። አንድ ትንሽ ልጅ ብቻውን ቢሮው ይመጣል። የሰፈር ዱርዬዎች ብስክሌቱን ወስደውበታል፤ መርማሪ መቅጠር ይፈልጋል። ቬዩም ጉዳዩን ይይዘዋል። በቅደም ተከተል ማንበብ ግድ አይደለም፤ ሰውየው ግን በየመጽሐፉ እያረጀ ነው የሚሄደው፣ ከኋላ ከጀመርክ ጉልበቱን እያመመው ታገኘዋለህ።